የመስታወቱ ጉም

መጀመሪያ ጉም የያዘው የትኛው ነበር? መስታወቱ ወይስ ዓይኔ?

ይህን ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። ሳላስብበት ቀርቼ አይደለም። መልሱን ሊሰጡኝ ይችሉ የነበሩትን መስታወቶች በገዛ እጄ አጥቤ ጨረስኳቸው። በሳሙና፣ በአልኮል፣ ከዚያም በአሲድ። እኔ ያጠብኩት ነገር ላይ ደግሞ የሚተርፍ የለም።

ሥራዬ መርጨት ነበር። እንዲህ ስል ሰዎች የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የመኪና ቀለም ይመስላቸዋል። መርጫው በእርግጥ የመኪና ቀለም የሚረጭበት ነው፤ አማካሪዬ ከአንድ ጋራዥ አስገዝተውልኝ ነው። የምረጨው ግን ሌላ ነው። ሁለት ጠርሙስ አለኝ። በአንደኛው ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት የሚወጣ ፖሊመር ሟሙቷል፤ በሁለተኛው ከባሕር ሣር የሚገኝ ሌላ ፖሊመር። ለሚያይ ሰው ሁለቱም ውሃ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለተሸከሙ በተገናኙበት ይያያዛሉ። ትንሽ መስታወት አቆምና አንደኛውን እረጭበታለሁ፤ ጥቂት እጠብቃለሁ፤ በተጣራ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ሁለተኛውን እረጫለሁ፤ እጠብቃለሁ፤ አለቀልቃለሁ። አንድ ጥንድ ንብርብር ማለት ይህ ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ቀኑን ሙሉ ስደራርብ ውዬ እንኳ የሽፋኑ ውፍረት ከአንዲት ፀጉር ጋር ሲወዳደር ከምንም አይቆጠርም።

ያደግኩት አፍንጮ በር፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ምርጊት ሳይደርቅ ልስን ከተደረበበት ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ በልጅነቴ አውቄያለሁ። የዚህኛው ሥራ ጠባይ ግን የዚያ ግልባጭ ነው፤ የታችኛው ከደረቀ ተበላሸ ማለት ነው። ጠብታዋ መስታወቱ ላይ ሳትደርስ አየር ላይ ከደረቀችም እንደዚያው፤ ሽፋኑ፣ እኛ ፊልም የምንለው፣ ጥርት ማለቱ ይቀርና ይደበዝዛል። ድሮ እንዲህ ያለው ሽፋን የሚሠራው በመንከር ነበር። መስታወቱን አንዱ ውስጥ ነክሮ ሩብ ሰዓት ቁጭ፣ ሌላው ውስጥ ነክሮ ሩብ ሰዓት ቁጭ። መርጨት ያንን ሁሉ ወደ ሴኮንድ ያወርደዋል። እኛ የምንፈልገው ውሎ አድሮ በፕላስቲክ ላይ ተረጭቶ አየር የማያስገባ፣ ለቲማቲም መጠቅለያ የሚሆን ሽፋን ነበር። አትክልት ተራ እየተላከ ያደገ ሰው ቲማቲም እንዴት እንደሚበሰብስ አይነገረውም። መጠቅለያ ደግሞ ውስጡን ማሳየት አለበት፤ የአዲስ አበባ ሴት ያላየችውን ቲማቲም አትገዛም። ስለዚህ የማስተርስ ጥናቴ፣ ርዕሱ ቢረዝምም፣ ሲጠቃለል አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ነገር ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል ወይ?

እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ነው እኔ ራሴን ያስገባሁት። በማታ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ፣ በማታ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆንኩ፣ ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ለማስተርስ ገባሁ። አማካሪዬ በዕድሜ ታናሼ ናቸው። እሳቸውም እርስዎ ይሉኛል፣ እኔም ዶክተር እያልኩ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ ሁለታችን ስንከባበር ሥራው ይዘገያል። የተቆረጠ ጊዜ ነበረኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ካላቀረብኩ ቦታዬን እንደማጣ ተነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል እንደማይኖር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

የብርሃን መለኪያው መሣሪያ አምፖሉ ተቃጥሎ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ የፊልሙን ጥራት የምንለየው በዓይን ነው። ከላቦራቶሪው ጀርባ መስኮት የሌላት የዕቃ ክፍል አለች። አመሻሽ ላይ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲወጡ፣ እዚያ እገባና መብራቱን አጠፋለሁ። ለአባቴ ሐዘን ለብሼው ከነበረው ቀሚስ የቀደድኩትን ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አነጥፋለሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ ብዬ እቆያለሁ። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ጥንቃቄ መስሎኝ ከራሴ ያመጣሁት ነው። ከዚያ አንዲት የጠረጴዛ መብራት በጎን አበራለሁ። ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ጥቁሩ ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከደበዘዘ ግን ጨርቁ ላይ ወተት የተነፋበት ይመስላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወተቱ መጣ።

መጀመሪያ የመርጫው አፍንጫ ነው አልኩ፤ ፈትቼ ቀቀልኩት። ቀጥሎ ውሃው ነው አልኩ፤ የማጣሪያውን ማሽን አስቀየርኩ። ከዚያ ግፊቱን ቀነስኩ፣ ርቀቱን ጨመርኩ፣ ጨው አከልኩ፣ ጨው አወጣሁ። አንዳንድ ቀን ጥርት ይላል። ጨርሶ ባይጠራ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ጥርት ያለው ነገ በዚያው መንገድ ተሠርቶ ይደበዝዛል፤ ያንን ስታዪ ሌላ ምንም አታዪም፣ ምግብ አይጥምሽም፣ ሰው ሲያናግርሽ አትሰሚም።

የላቦራቶሪውን ቁልፍ የሚይዘው ሰውዬ የፒያሳ ልጅ ነኝ ማለት ይወዳል። አንድ አመሻሽ በሩ ላይ ቆሞ አገኘኝ፤ መስታወት እያጠብኩ ነበር።

“እናትዬ፣ ይሄን መስታወት ልትድሪው ነው እንዴ? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይታጠብም!”

“ደብዝዟል።”

“እስኪ” አለና አንዱን ከትሪው አንስቶ ወደ ኮሪደሩ መብራት አቀናው። “ምኑ ነው የደበዘዘው? ይኸው በዚህ ውስጥ ፊትሽ ይታየኛል። ተኮሳትሯል።”

“አንተ ማየት አታውቅም።”

“አይ እንግዲህ! አራዳ ማየት ካላወቀ ማን ያውቃል? ፈታ በይ እባክሽ፤ በሩን ልዝጋበት።”

መስታወቱን ከእጁ ተቀብዬ አጠብኩት።

ጠዋት ለአማካሪዬ የማሳየው ነገር የለኝም። አንዴ ግን ሳላጥብ ያሳደርኩትን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። መስኮቱ ላይ አቆሙትና አዩት። እኔም አየሁት። ጥርት ያለ ነው። በውስጡ ደጅ ያለው የጥድ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል።

“ማታ ደብዝዞ ነበር፣ ዶክተር።”

“ታዲያ ማታ ምን ነካው?”

“እርጥበት ይመስለኛል። እነዚህ ፖሊመሮች ውሃ ይወዳሉ። ሲመሽ አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ፤ ሲነጋ ይደርቃሉ።”

“ሊሆን ይችላል” አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። “ግን ደግሞ እርስዎ ያበዙታል እንዳይሆን። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥራን ጨርሶ ማስረከብም ሳይንስ ነው። ወራቱ እየሄደ ነው።”

እርጥበት የሚለው ነገር ከሜዳ የተነሳ ግምት አልነበረም፤ በየመጽሐፉ አለ። ለዚህ ነው ሲያታልለኝ የከረመው። ፊልሙን እርጥበት በሚመጥ ዱቄት መሐል ዘግቼ አሳደርኩት፤ በማግስቱ አመሻሽ እንደደበዘዘ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ማሞቂያ አስገባሁ፤ እንዲያውም ባሰበት። ያኔ ምክንያት ሊሆን የሚችለው ነገር ሁሉ አለቀብኝ። ከግራ ቅንድቤ በላይ ራስ ምታት ጀመረኝ። ማታ ማታ ሲፈልጠኝ ያመሽና ስተኛ ይለቀኛል። እማዬ ዳማከሴ ጨምቃ ግንባሬን ትቀባኛለች።

“ምች ነው” ትለኛለች። “ምችም ባይሆን መጽሐፍሽ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜ ተማሪ ቤት!”

“እማዬ፣ ጥናቴን ልጨርስ ምንም አልቀረኝ።”

“አንቺ ሁሌ ምንም አይቀርሽም።”

ወደ ቤት የምሄደው በእግሬ ነው፤ በፒያሳ አልፌ፣ በጊዮርጊስ ጀርባ። መንገዱ ሰፍቶ አዲሶቹ መብራቶች ከተተከሉ ወዲህ አመሻሽ ላይ ፎቶ የሚነሳ ሰው አይታጣም። እኔም አንዳንዴ ቆም ብዬ አያለሁ። በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ክብ አለ፤ ውስጡ ወደ ሰማያዊ፣ ውጩ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ክርር ያለ ክብ። አምፖሉን እንዲህ አድርገው እየሠሩት ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ ሌላ አልጠረጠርኩም። እንዲያውም በሆዴ አደነቅሁ። በቀጭን ፊልም ላይ ብርሃን እንዲህ ቀለም እንደሚያወጣ የማውቅ ሰው ነኛ፤ መብራቱንም የሆነ ነገር ቀብተውታል አልኩ።

አንድ ዓርብ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሁሉ የተሻለውን ፊልም ሠራሁ። አየሩ እርጥብ ነው፣ ግፊቱም ልክ ነው። ሲያልቅ በቀን ብርሃን አየሁት፤ ምንም የለበትም። እስኪመሽ ተስፋ ይዤ ቆየሁ። አመሻሽ ላይ የዕቃ ክፍሏ ገባሁ፣ ጨለማውን ለመድኩ፣ መብራቱን አበራሁ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ወተት።

አላለቀስኩም። የማለቅስ ሰው አይደለሁም። መስታወቱን ወለሉ ላይ ልከሰክሰው አነሳሁትና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ተስፋ መቁረጥም ወግ ስላለው፣ ምንም ያልተረጨበት፣ ከካርቶኑ የወጣ ባዶ መስታወት አምጥቼ ጨርቁ ላይ አኖርኩ። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ከባዶው ጋር ያላነጻጸራችሁት ነገር አልታየም እያልኩ። እኔ ግን ጥፋቱ የሥራዬ እንደሆነ እርግጠኛ ስለነበርኩ ባዶውን መስታወት አንድም ቀን በዚያ ጨለማ አይቼው አላውቅም።

ባዶው መስታወት ደብዝዟል።

መስታወቱን አነሳሁት። ጨርቁ ብቻውን ቀረ። ጨርቁም ደብዝዟል። ቀና ብዬ መብራቱን አየሁ፤ ያ የፒያሳው ክብ ዙሪያውን ከቦታል። ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ክቡ ጠፋ፤ ጨርቁ ጥቁር ሆነ። መዳፌን ወደ ቀኝ ዓይኔ አዛወርኩ። ጉም።

ያጠብኳቸው መስታወቶች ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ ተሰለፉ። ከነዚያ ውስጥ በእውነት የደበዘዙ ነበሩ፤ በበጋው ደረቅ አየር ጠብታው በአየር ላይ ሲደርቅ አይቼዋለሁ። ሌሎቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። የትኞቹ? ሁሉንም አንድ ላይ አጥቤያቸዋለሁ። ግን ያኔ ያስደነገጠኝ ይህ አልነበረም። በመብራት ዙሪያ ስላለ ክብ ሲወራ መስማቴ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ወንድሜ ገና ጡት ሳይጥል፣ አንድ ምሽት ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ “የማርያም መቀነት ኩራዙን ዞራዋለች” አለ። ሲዘንብ ሰማይ ላይ የምትታየው ባለቀለሟ መቀነት፣ ቤታችን ውስጥ፣ ኩራዙ ላይ! እማዬ እልል አለች። ጎረቤት መጣ፤ ማንም ምንም አላየም፤ ለተመረጠ ነው የሚታየው ተባለ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ብዙ ምሽት አያት። ራሱን ያመው ነበር፤ ዓይኑ ይቀላ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ በሽታ ይለዋል? የንስሐ አባታችን እንኳ “ሐኪምም ይየው” ብለው ነበር። አባቴ “የተሰጠኝን ማን ይነጥቀኛል” ብሎ እምቢ አለ። ዓይኑ ጨርሶ ሲጠፋም እማዬ ምክንያት አላጣችም። ያንን ብርሃን ያየ ዓይን ሌላ ነገር አይችልም አለች።

የዱላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከአፍንጮ በር ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ቤት። የኔ እኩዮች ደብተር ይዘው ሲያልፉን አባቴ በድምፃቸው ያውቃቸውና ሰላም ይላቸዋል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ወንድሜ ሲደርስ ትምህርት ቤት ገባ፤ ዱላ የሚይዝ አንድ ሰው ይበቃላ። አባቴ ሲሞት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር።

የዓይን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ወጣት ሴት ናት። ዓይኔን በማሽኗ ረጅም ሰዓት አየችና ወንበሯን ወደኔ ሳበች።

“ጨለማ ውስጥ የሚቀመጡበት ሥራ አለዎት?”

“አለኝ።”

“ያኔ መብራት ዙሪያ ክብ ነገር ይታይዎታል? ጉም?”

“ይታየኛል።”

“በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ውሃ አለ፤ መውጫም አለው። የእርስዎ መውጫ ሲፈጠር ጠባብ ነው። ጨለማ ውስጥ ብሌን ሲሰፋ መውጫውን ይደፍነዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጉም ይሆንብዎታል። ብርሃን ሲያገኙ ወይም ሲተኙ ይለቅዎታል። ለቀቀኝ ይላሉ። ግን በሄደ ቁጥር ከነርቩ ቆርሶ ነው የሚሄደው።”

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ የቆየሁባቸውን አመሻሾች አሰብኩ።

“የሄደው ይመለሳል?”

“አይመለስም። ግራው በጎን በኩል ብዙ ሄዶበታል። ቀኙ ደህና ነው። በሁለቱም ላይ በጨረር ትንሽ ቀዳዳ እንከፍታለን፤ ውሃው ሌላ መንገድ ያገኛል። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይህችው ቀዳዳ ብቻ ትበቃ ነበር።” ቀጥላም “ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?” አለችኝ።

“አባቴ።”

“ምን ሆኖ ነው ተባለ?”

ተመርጦ ነው አልል ነገር።

“ወንድም፣ እህትስ?”

“አንድ ወንድም።”

“የዓይን አፈጣጠር እንደ መልክ ይወረሳል። ያምጡልኝ። ሥራው ምንድነው?”

“ታክሲ ነው የሚነዳው።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ነገ ያምጡት።”

ነገ አላመጣሁትም። ከነገ ወዲያም። ጨረሩ ተደረገልኝ፤ ለአማካሪዬ አሞኝ ነበር ብቻ ብዬ ሥራዬን ከባዶው መስታወት ጀመርኩ፤ እሳቸውም ጥቂት ወር ለመኑልኝ። ዓይኔ ጉም መያዙን ተወ። እኔ ግን መናገር አልሆነልኝም። ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ስለ አየሩ አወራዋለሁ። እሑድ ሲመጣ ምሳ አቀርብለታለሁና ዓይኑን አያለሁ፤ ትልልቅ፣ የአባቴን የመሰሉ ዓይኖች። አፌን ስከፍት እማዬ ጨው አነሰው እንዴ ትለኛለች።

ለእሱ መንገር ማለት ለእማዬ መንገር ማለት ነው። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ጽዋ ላይ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ እማዬ ያቺን ምሽት ትተርካለች። ሴቶቹ ስንቴ ሰምተዋታል፤ አሁንም ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ያልከበረች ሴት ናት፤ የልብስ ሰፊ ሚስት፣ የዓይነ ስውር ሚስት፣ መበለት። ያቺ መቀነት ባትኖር ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችው ነገር ምንድነው? አንዲት ቀዳዳ ትበቃው ነበር ብዬ በምን አፌ ልንገራት? እኔስ ብሆን። የዱላውን ጫፍ ይዤ የሄድኩት ከተመረጠ ሰው ፊት ነው ብዬ ስንት ዓመት ተጽናንቻለሁ።

ግን እያመሸ ሲነዳ ማሰብ ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬን አጠገቤ አኖራለሁ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ሌላ ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል፤ የማላውቀው ሰው ድምፅ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ዘመድ ነሽ ወይ የሚል። ንብርብሩን ስረጭ ቁጥር ይጠፋኛል፤ እኔ ቁጥር ጠፍቶኝ የማላውቀው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መርጫውን ሳላጥብ ተውኩና ወጣሁ።

ጊዮርጊስ፣ ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ጋ አገኘሁት። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ጋቢና ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“እትዬ! ዛሬ ምን ጣለሽ? መጽሐፉ አለቀብሽ?”

“አንድ ነገር ልነግርህ ነው።”

“ልታገቢ ነው እንዳትዪኝ ብቻ፤ ሱፍ የለኝም።”

መንገድ ላይ ስሰካካው የመጣሁት ንግግር ነበር፤ ከየት ተነስቼ በየት እንደምደርስ አውቀው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“አባባ ያየው መቀነት አልነበረም።”

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። “ምን አልሽ?”

“በሽታ ነው። የዓይን ግፊት ነው። እኔንም ይዞኛል፤ በግራ ዓይኔ አሁን በጎን በኩል ያለውን አላይም። በዘር ነው የሚመጣው።”

“ማን አለሽ?”

“ሐኪም።”

“ሐኪም አባባን የት ያውቀዋል?” ድምፁ ከፍ አለ፤ ከኋላ ያሉት ጸጥ አሉ። “ተምሬያለሁ ብለሽ ነው? ለሞተ ሰው በሽታ ልታወጪለት? እማዬ ብትሰማሽ ምን ትላለች?”

“እንደሱው ክብ አየሁ፤ መብራት ላይ። ሰማያዊና ቀይ። ራሴን ያመኛል፣ ስተኛ ይለቀኛል። ልክ እንደሱ። ሐኪሟ ሳልነግራት ነው የነገረችኝ።”

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ከፊታችን የመንገዱ መብራቶች አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ።

“እዚያ መብራት ላይ ምን ይታይሃል?” አልኩት።

አላየም። እጆቹን ነው የሚያየው።

“ከፋሲካ ወዲህ ነው” አለ፤ ከኋላ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ማታ ማታ። ለማንም አልተናገርኩም። ጸጋ ሲነገር ይሸሻል ይባል የለ? የአባባ ለእኔ ደረሰኝ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ እትዬ። ስለት እንኳ አስገባሁበት።”

እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁ። ጠዋት አብረን እንሂድ አልኩት፤ ጨረሩ ብዙ እንደማያም፣ ቶሎ ከተደረገ እንደሚበቃ፣ ያለ ወግ ያለ ቅደም ተከተል እየለቃቀምኩ ነገርኩት።

“ሹፌር!” አለ ከኋላ አንዱ። “ሞልቷል እኮ! የሰርግ ካርድ ነው የምንጠብቀው?”

ወንድሜ ሞተሩን አጠፋና ዞረ። “ውረዱ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልሄድም።”

“እንዴ! ምን ሆነህ?”

“መኪናው…” ብሎ ጀመረና ተወው። “ዓይኔን አሞኛል።”

“ከሞላ በኋላ ነው ያመመህ?”

“ጋቢና የገባችዋን ሲያይ ነዋ የታመመው!” አለች አንዲት ሴት፤ ተሳሳቁ። እያጉረመረሙ፣ በሩን እየደበደቡ ወረዱ። የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። የዕድሜውን ያህል ሳይሆን ያኔ፣ እኔና አባቴ ስንወጣ በር ላይ ቆሞ የሚያየንን ሕፃን መስሎ ታየኝ።

“እማዬስ?” አለኝ።

“መጀመሪያ ያንተ ዓይን” አልኩት።